ለሞተር ብስክሌት ሰንሰለት በራሱ ዘይት ስለሚያንጠባጥብ መሣሪያ

ከብት የሚያረባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ምልክቱ በጠዋት የታየባት ላም በዚያው ዕለት ወደ ማታ፥ በማታ የታየባትም በማግሥቱ ጠዋት ልትዳቀል ይገባል። ይህ ሰዓት ካለፈ ባለቤቱ ሌላ 21 ቀን ያህል መጠበቅ ግዴታው ይሆናል፤ በዚህም መካከል ቀለቧ ይወጣል እንጂ ጥጃም ወተትም አይገኝም። ስለዚህ የማዳቀል ባለሙያው ፈሳሽ ናይትሮጅን የያዘውን ዕቃ በሞተር ብስክሌቱ ላይ አስሮ ከጽሕፈት ቤቱ በተነሣ ጊዜ፥ የአንድ ቤተ ሰብ የሦስት ሳምንት ተስፋ አብሮት ተጭኗል። ክትባት ይዞ ለሚወጣው የእንስሳት ጤና ሠራተኛም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ያለው መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ስላለበት፥ በመንገድ ዳር ቆሞ መካኒክ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

እነዚህን ሠራተኞች በመንገድ ከሚያስቀሩአቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ዕቃው ርካሽ ሆኖ ጉዳቱ ከባድ የሆነው፥ የሰንሰለት መበጠስ ወይም ከጥርሱ መውጣት ነው። መካኒኮች ካቴና የሚሉት ይህ ሰንሰለት ሳይታሰብ የተበጠሰ ይመስላል እንጂ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ወራት ዘይት ተጠምቶ የኖረ ነው። ነጂው ዘይት የሚያጠጣው ባስታወሰ ጊዜ ነው፤ ባስታወሰም ጊዜ አብዝቶ ያፈስሳል፤ ከዚያም ለሳምንታት ይረሳዋል። ይህን ለማስቀረት የተሠራ፥ ሞተር ብስክሌቱ ሲሄድ ጠብታ በጠብታ ዘይት የሚሰጥ መሣሪያ አለ። በሚገባ የተገጠመና የተለካ እንደ ሆነ የሰንሰለቱን ዕድሜ ያረዝማል፤ ያለ ልክ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን ነጂውን ሊገድለው ይችላል። የየዞኑና የየወረዳው የግብርና ሹማምንት መሣሪያውን ገዝተው ከማደላቸው በፊት ሁለቱንም ወገን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

ሰንሰለት የሚያረጀው በምን ላይ ነው

ዛሬ በሞተር ብስክሌት ላይ የሚታየው ሰንሰለት፥ ሐንስ ሬኖልድ የተባለው መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም.፥ የፈጠራ መብት ካወጣበት ሰንሰለት የተወለደ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሦስት ነገር አለው፤ በመካከል ቀጭን ዘንግ፥ ዘንጉን የከበበ ቡሽ፥ ከቡሹም በላይ በጥርሱ ላይ የሚንከባለል ቀለበት። ሰንሰለቱ በባለ ጥርሱ መዘውር ላይ በታጠፈና እንደ ገና በተዘረጋ ቍጥር ዘንጉ በቡሹ ውስጥ ይፋተጋል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ከመቶ የሚበልጥ መገጣጠሚያ ስላለ፥ በእያንዳንዱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ መበላት ቢደርስ እንኳ፥ ተደምሮ ሰንሰለቱን በግልጥ ያስረዝመዋል። ሰው ይህን አይቶ «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ይላል፤ ብረቱ ግን አልተለጠጠም፥ ውስጡ ነው የተበላው።

ከዚህም የተነሣ ሰንሰለትን ከውጭ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በላዩ ዘይት ተለቅልቆ የሚያብለጨልጭ ሰንሰለት ውስጡ የደረቀ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ምስክር ልኬት ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 428 የተባለው ሰንሰለት ከአንዱ ዘንግ መካከል እስከ ሚቀጥለው ዘንግ መካከል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን ወጠር አድርጎ ከመጀመሪያው ዘንግ እስከ 21ኛው ዘንግ ሲለኩት፥ አዲስ ከሆነ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይኸው ልኬት 259 የደረሰ እንደ ሆነ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ረዝሟልና ሳይውል ሳያድር መለወጥ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ አንድ የብረት ማስመሪያ ይበቃል፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሰንሰለት ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ ማድረግ ይገባል። አንደኛው ግልጡ ሰንሰለት ነው፤ ይህ ዘይትን ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል፥ አቧራንም እንደዚሁ ያስገባል። ሁለተኛው በየመገጣጠሚያው ትንንሽ የጐማ ቀለበት ያለበት፥ መካኒኮች ኦ ሪንግ የሚሉት ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ፋብሪካው ያስቀመጠው ቅባት ታሽጎ ይኖራል። ባለ ጐማ ቀለበቱም ቢሆን ከውጭ ዘይት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ዘይቱ ቀለበቶቹ ደርቀው እንዳይሰነጠቁ፥ ጥርሱና የሚንከባለለው ክፍልም እንዳይዝግ ይጠብቃል። ዳሩ ግን ዘይት የሚያንጠባጥበው መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ለግልጡ ሰንሰለት ነው።

ከኮልፌ ቀራንዮ ወጥቶ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት

በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በማለዳ ከኮልፌ የተነሣ ነጂ አስቀድሞ አስፋልት፥ በየሰፈሩም ውስጥ የድንጋይ ንጣፍ ያገኛል። ከዚያ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ ወደ ሰበታ ይወጣል። ከሰበታ በኋላ አስፋልቱን ለቆ ወደ ገበሬው ቤት ሲታጠፍ፥ ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ ከሄደ ጠጠርና አቧራ፥ ወደ በቾ ሜዳ ከወረደ ደግሞ ዋልካ ይጠብቀዋል። ዋልካ በክረምት በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ይሞላል፤ ጥቂት ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ ጡብ ይጠነክራል። በበጋ በዚያው መንገድ ላይ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ይነሣል። ውሃ ያለበትን ጒድጓድ ደጋግሞ የተሻገረ ሰንሰለት ቅዳሜ የተቀባውን ዘይት እስከ ሰኞ ማታ ይዞ አይቈይም፤ ውሃው አጥቦ ይወስደዋል።

ነጂው በዚሁ የጅማ መንገድ እየገፋ፥ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ የወረደ እንደ ሆነ፥ ከኮልፌ ከፍታ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። የጊቤ ሸለቆ ገንዲ የተባለው የከብት በሽታ የሚገኝበት ቦታ ስለ ሆነ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ብዙ የሚመላለሱበት ነው። በኮልፌ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ በሸለቆው ውስጥ ግን ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዘይት ደግሞ ሲበርደው የሚወፍር፥ ሲሞቀው የሚቀጥን ነገር ነው። በማለዳ በኮልፌ በደቂቃ አንድ ጠብታ እንዲሰጥ የተለካ መሣሪያ፥ ቀትር ላይ በጊቤ ድልድይ አጠገብ ከልኩ እጅግ አብልጦ ሊያፈስስ ይችላል። መሣሪያውን ገጥመው የተበሳጩ ሰዎች ብዙዎቹ የተበሳጩት ይህን ሳያውቁ ስለ ቀሩ ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ

ሰንሰለት ራሱ ዘይት እንዲያገኝ ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሰንቢም የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ሰንሰለቱን በቆርቆሮ ቤት ዘግቶ በዘይት ውስጥ እንዲዞር ያደርግ ነበር። ሌሎች የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሞተሩ የሚተነፍሰውን የዘይት ጭጋግ በቱቦ ወደ ሰንሰለቱ ያዞሩት ነበር። በፈረንጆች 1969 ዓ.ም. የወጣው የጃፓኑ ሆንዳ ሲ ቢ 750 ከሞተሩ ዘይት ጥቂቱን ወደ ሰንሰለቱ ያንጠባጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ በስኮትላንድ አገር ስኮት ኦይለር የተባለው መሣሪያ ወጣና በሞተሩ የመሳብ ኀይል የሚከፈትና የሚዘጋ ማንጠብጠቢያ በየአገሩ ታወቀ። የደን ሠራተኞች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ በእንጨት መቍረጫው ሞተር መጋዝ ውስጥ ሁልጊዜ ለሰንሰለቱ ዘይት የሚሰጥ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ ዘይቱ ያለቀበት መጋዝም ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚሮጥበትን ብረት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቃጥላል።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ሰንሰለቱ የተሸፈነ ነውን ወይስ የተገለጠ የሚለው ነው። ለእርሻ ሥራ ተብለው የተሠሩት ያማሃ ኤ ጂ የተባሉት ሰንሰለታቸው ዙሪያውን በሽፋን ተዘግቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ይህ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ሽፋኑ ተሰብሮ ከተጣለ አዲስ ሽፋን መግጠም ይሻላል። ባለ ሦስት ጐማው ባጃጅም በሰንሰለት አይሄድም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር የሚመለከተው ሰንሰለታቸው ከላይ ብቻ በቆርቆሮ የተጋረደውን፥ ከታች ግን ለጭቃና ለአቧራ የተገለጠውን ነው።

የመሣሪያው ዓይነቶች

ከሁሉ የሚቀለው ዘይቱ በራሱ ክብደት የሚወርድበት ነው። ዘይት የያዘ ብልቃጥ ከመቀመጫው በታች ወይም ከጐኑ ቀጥ ብሎ ይታሰራል፤ ከብልቃጡ በታች መክፈቻና መዝጊያ አለ፤ ከዚያ ቀጭን ቱቦ እስከ ኋላው መዘውር ይደርሳል። ዋጋው ትንሽ ነው፥ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ጥፋቱ ግን ከባድ ነው። መሣሪያው ሞተሩ መቆሙን አያውቅም። ነጂው ማታ ሳይዘጋው የሄደ እንደ ሆነ ብልቃጡ እስኪነጋ ድረስ ይንጠባጠባል፤ ዘይቱም በመሬት ላይ ብቻ ሳይሆን በጐማው ጐን ላይ ይወርዳል። በማግሥቱ በችኰላ የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይወድቃል።

አንዳንድ ብልኅ ነጂዎች ይህን ዓይነት ከሐኪም ቤት የግሉኮስ መስጫ ቱቦ በገዛ እጃቸው ሊሠሩት ያስባሉ፤ በቱቦው ላይ ጠብታን የሚቈጥሩበት ክፍልና ማጥበቂያ ስላለ ነገሩ የተመቸ ይመስላል። ዳሩ ግን ያ ቱቦ የተሠራው ለመድኃኒት እንጂ ለማዕድን ዘይት አይደለም፤ ዘይት ሲቈይበት ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም። ማጥበቂያውም በጠጠር መንገድ ንቅናቄ ይላላል። በሕመምተኛ ላይ የዋለ ቱቦ አንሥቶ መጠቀም ደግሞ ለጤና አደገኛ ነው።

ሁለተኛው በሞተሩ የመሳብ ኀይል የሚሠራው ነው። ሞተር በሚሠራበት ጊዜ በካርቡራተሩና በሞተሩ ራስ መካከል ባለው ቱቦ ውስጥ አየርን ይስባል። ከዚህ ቦታ አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ ብልቃጡ ይሄዳል፤ የሚስበውም ኀይል ትንሽ ቫልቭ ያነሣና ዘይቱን ይለቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ቫልቩ ይዘጋል። ማታ መዝጋትን መርሳት የሚባል ነገር ስለሌለ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ችግሩ በአንዳንዱ ትንሽ ሞተር ላይ ለቱቦው የተዘጋጀ ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። ቀዳዳው መበሳት ካለበት የሚያውቅ መካኒክ ፈትቶ ይብሳው እንጂ፥ በቦታው እንዳለ መብሳት የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ውስጥ ያስገባል። በቱቦው መጋጠሚያ አየር የሚገባ ከሆነም ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል፥ ከልክ በላይ ይሞቃል፥ ቆሞ ሲሠራም ድምፁ ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየ እንደ ሆነ ሰንሰለትን ለማዳን ሲባል ሞተርን ማጥፋት ነውና ፈጥኖ ማስተካከል ይገባል።

ሦስተኛው በባትሪ ኀይል በትንሽ ፓምፕ የሚሠራው ነው። ከሦስቱ ልኩን አጥብቆ የሚጠብቅ ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፥ ሽቦም ይበዛዋል፤ ባትሪያቸው የደከመ የመስክ ሞተር ብስክሌቶች ብዙ ስለ ሆኑ ለወረዳ ሥራ የሚመረጥ አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ ሙሉ በሙሉ በራሱ የማይሠራ አንድ ዓይነት አለ፤ ነጂው ከመነሣቱ በፊት በእጁ ጫን ወይም ዞር ሲያደርገው የተለካ ጥቂት ዘይት ብቻ ይለቅና ይቆማል። ብዙዎች ይህን ይንቁታል። ነገር ግን አንዱ ሞተር ብስክሌት ዛሬ በአንዱ፥ ነገ በሌላው ሠራተኛ እጅ በሚዞርበት መሥሪያ ቤት፥ በክብደቱ ከሚወርደው ክፍት ብልቃጥ ይልቅ ይህ ይሻላል። የረሳው ሰው ለአንድ ቀን ሰንሰለቱን ያደርቃል እንጂ ነፍሱን አደጋ ላይ አይጥልም።

ስለ አገጣጠሙ

ዘይቱ የሚወርድበት ጫፍ በኋላው ባለ ጥርስ መዘውር በታችኛው ክፍል፥ በጥርሶቹ ሥር ጐኑን ነካ አድርጎ መቆም አለበት። ሰንሰለቱ በግራ ወገን ያለ እንደ ሆነና መዘውሩን ከግራ ቆመው እንደ ሰዓት ፊት ቢመለከቱት፥ የሰባት ቍጥር ቦታ ማለት ነው። በዚህ ቦታ ዘይቱ መዘውሩን ሲነካ የመዘውሩ መዞር ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ ወዲያውም ሰንሰለቱ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይደርሳል። ከላይ በሰንሰለቱ ጀርባ ላይ የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ይህ ዘይት ወደ ውስጥ ሳይገባ በነፋሱ ይበተናልና ብክነት ነው።

ጫፉ በጠንካራ ብረት ተደግፎ መታሰር አለበት። ላልቶ ወደ ጐማው ሽቦዎች የገባ እንደ ሆነ ተጠምጥሞ ይበጠሳል፤ ወይም ደግሞ ሳይበጠስ ወደ ጐማው ዞሮ ዘይቱን በዚያ ያንጠባጥባል። ቱቦው ከማርሚታው ርቆ ይለፍ፤ የኋላው ጐማ ከፍና ዝቅ ሲል እንዳይወጠርም ጥቂት ልል ይሁን። ቱቦው በመጀመሪያ ሲሞላ በውስጡ አየር ያለበት እንደ ሆነ ዘይቱ አይወርድም፤ ነጂውም «አልከፈትኩትም» ብሎ አብዝቶ ይከፍታል፤ አየሩ በወጣ ጊዜ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። ስለዚህ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ከሞተር ብስክሌቱ ነቅሎ በጣሳ ውስጥ ማንጠባጠብ ነው።

መጠኑን ስለ መለካት

ለመነሻ ያህል በየደቂቃው አንድ ጠብታ ይበቃል። ይህ ልክ ለሰሚው እጅግ ትንሽ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሲታይ አያንስም። አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት 25 ጠብታ ያህል ይሰጣል ቢባል፥ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ 1,250 ጠብታ አለው፤ በደቂቃ አንድ ጠብታ ሲወጣ ከ20 ሰዓት በላይ ይቈያል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ የመስክ ነጂ ይህ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚሁ ሒሳብ አንድ ሊትር ዘይት ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ በየወሩ ሊትር በሊትር የሚወጣ የሰንሰለት ዘይት የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ዘይቱ የሚሄደው ወደ ሰንሰለቱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ልኩን ለማወቅ ሞተር ብስክሌቱን በማቆሚያው ላይ አቁሞ፥ ሞተሩን በሜዳ ላይ አስነሥቶ፥ ጫፉን ከመዘውሩ ፈቀቅ አድርጎ በነጭ ካርቶን ላይ ጠብታውን በሰዓት መቍጠር ነው። ይህ የሚደረገው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሞተሩን አጥፍቶ ሰንሰለቱንና ጐማውን መመልከት ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ በጣት ሲነካ ቀጭን የዘይት ወዝ ካለው ልኩ ደኅና ነው። ቀይ ዝገት ወይም ደረቅ ብረት ከታየ ጥቂት ይከፈት። በጐማው ጐን ወይም በጐማው ብረት ላይ የዘይት መስመር ከታየ ግን ወዲያው ይጠበቅ፤ ጐማው በሳሙናና በውሃ ሳይታጠብ ጕዞ አይቀጠል። በኮልፌ ዳገትና ቍልቍለት ላይ ባለው የድንጋይ ንጣፍ፥ ዝናብ በጣለ ጊዜ፥ ንጹሕ ጐማ እንኳ ያንሸራትታል፤ ዘይት የነካው ጐማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም።

በክረምት ውሃ ስለሚያጥበው ልኩ ጥቂት ከፍ ይላል። የበጋው አቧራ ግን ክርክር ያለበት ነገር ነው። ዘይት አቧራን ይይዛል፥ አቧራና ዘይት አንድ ላይ ሆነው ብረትን እንደ ሞረድ ይበላሉ፥ ስለዚህ በበጋ ሰንሰለቱ ደረቅ ይሁን የሚሉ ነጂዎች አሉ። የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዘይት የፈሰሰበት ሰንሰለት በእርግጥ አቧራውን አቡክቶ ይይዘዋል። ነገር ግን ግልጥ ሰንሰለት ያለ ዘይት የሄደ እንደ ሆነ ዘንጉና ቡሹ ብረት በብረት ይፋተጋሉ፤ ይህ ደግሞ ከአቧራው የባሰ ነው። ጠብታው ትንሽና የማያቋርጥ ሲሆን አዲሱ ዘይት የቈየውን ከነቈሻሻው ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የማንጠብጠቢያው ጥቅምም በዋናው ይህ ነው። ስለዚህ በበጋ ጠብታውን በሁለት ደቂቃ አንድ ያህል ማድረግና ሰንሰለቱን በየሳምንቱ በጨርቅ መጥረግ እንጂ ፈጽሞ ማድረቅ አይገባም። ወደ ቈላ የሚወርድ ነጂም ከመውረዱ በፊት ማጥበቅ፥ ወደ ደጋ ሲመለስ ወደ ልኩ መመለስ አለበት።

ስለ ዘይቱና ስለ መጥረጉ

ለዚህ መሣሪያ የሚሆነው አዲስ የሞተር ዘይት ወይም ለሞተር መጋዝ ሰንሰለት የሚሸጠው ዘይት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በእጅ ለሚቀባ ሰንሰለት የሚያዝዙት የማርሽ ዘይት በደጋው ማለዳ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አልወርድም ይላልና ለማንጠብጠቢያ አይመችም። ግሪስ ደግሞ በውጭ ይለጠፋል እንጂ ወደ ቡሹ ውስጥ አይገባም።

ከሞተር ተቀድቶ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በሰንሰለት ላይ የሚያፈስሱ እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ያለ ዋጋ ይገኛል። በዚህ ዘይት ውስጥ ግን ጥላሸት፥ የብረት ብናኝና ብረትን የሚበላ አሲድ አለ። ሰዎች ከኮልፌ አጣና ተራ የገዙትን የባሕር ዛፍ እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይህን ዘይት ይቀቡት ይሆናል፤ ለአጥር እንጨትም ቢሆን ወደ አፈሩና ወደ ጒድጓድ ውሃ ስለሚወርድ የሚመሰገን ሥራ አይደለም፤ ለሰንሰለት ግን ፈጽሞ አይሆንም። በማንጠብጠቢያው ውስጥ የገባ እንደ ሆነም ቈሻሻው ቀጭኑን ቱቦ ይዘጋዋል።

ሰንሰለቱ በላምባና በብሩሽ ይታጠባል፤ በቤንዚን ማጠብ እሳት ያስነሣል፥ የጐማ ቀለበት ያለበትንም ሰንሰለት ቀለበቱን ያበላሻል። በሚታጠብበትና በሚጠረግበት ጊዜ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ጐማውን በእጅ እያዞሩ መጥረግ ነው። ሞተር አስነሥቶ፥ ማርሽ አስገብቶ፥ በሚሮጥ ሰንሰለት ላይ ጨርቅ የሚይዝ ሰው አለ። ጨርቁ በጥርሱ መካከል ሲገባ ጣትን ይዞ ይገባል፤ ሰንሰለቱም ጣቱን ሳይቈርጥ አይመልሰውም። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ የተገኘ እንደ ሆነ ኃላፊው በዚያው ሰዓት ሊከለክለው ይገባል።

የኃላፊዎች ሥራ

መሣሪያው የማይሠራውን ሥራ እንደሚሠራ አድርጎ መቍጠር በየቦታው የሚደርስ ስሕተት ነው። ማንጠብጠቢያው የላላ ሰንሰለት አያጠብቅም፤ የተጣመመ ጐማ አያቀናም፤ ጥርሱ እንደ ዓሣ መንጠቆ የሾለ መዘውርም አያድስም። ያረጀ መዘውር ላይ አዲስ ሰንሰለት የተገጠመ እንደ ሆነ ምንም ያህል ዘይት ቢያገኝ በአጭር ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ሰንሰለቱና ሁለቱ መዘውሮች አንድ ላይ ይለወጡ። የሰንሰለቱም ልልነት ከሞተር ብስክሌቱ ጋር በመጣው መጽሐፍ እንደ ታዘዘው ይለካ።

ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከመግዛት ይልቅ ብዙ መንገድ በሚሄዱ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ላይ መሞከር ይበጃል፤ አንዱ መሣሪያው የተገጠመለት፥ ሁለተኛው በእጅ የሚቀባ ሆኖ፥ ሁለቱም በአዲስ ሰንሰለትና በአዲስ መዘውር ይነሡ። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ የ21ዱ ዘንግ ልኬት በመዝገብ ይጻፍ። ከዘይቱ መጠንና ነጂው ከሚናገረው ነገር ይልቅ ይህ መዝገብ መሣሪያው ለዚያ ወረዳ መንገድ ይጠቅም እንደ ሆነና እንዳልሆነ በርግጥ ያሳያል። በዚያው መዝገብ ላይ መቆጣጠሪያው ብሎን ስንት ዙር እንደ ተከፈተ፥ ለደጋና ለቈላ፥ ለክረምትና ለበጋ በየራሱ ይጻፍ። ሞተር ብስክሌቱ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ተቀባዩ ብልቃጡን፥ የቱቦውን ጫፍና የጐማውን ጐን አይቶ ይፈርም፤ ለብዙ ቀን ሳይነዳ የሚቆም ከሆነም ብልቃጡ ተዘግቶ፥ ቱቦው ከመዘውሩ ተላቅቆ ወደ ላይ ይታሰር።